ባሉማይን በሚያልፍበት ወፍጮ ቤት

በዚያ ዓመት በሩምቡር ሸለቆ በረዶው ከወትሮው ቀድሞ ወረደ። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ብቅ ብላ ሳታሞቅ የምትመለስበት፣ ሰው ሁሉ የቻውሞስን በዓል የሚጠብቅበት ሰሞን ነበር። በቻውሞስ ባሉማይን የሚባለው አምላክ በፈረሱ ይመጣል። የሕዝቡን ልመና ተቀብሎ፣ ፀሐይን ወደ ሸለቆው መልሶ ይሄዳል። ሲመጣ ግን ማየት የሚፈልገው ንጹሕ ሰው ብቻ ነው።

ዱርዳና ያን ጊዜ ባሻሊ በሚባለው ቤት ነበረች። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ የምትቆየው፣ ስትወልድም የምትታረሰው ወንዙ ዳር ባለው በዚያ ቤት ነው። ወንድ አይገባበትም፤ ግድግዳውን እንኳ አይደገፍም። ምግብ ያመጣ ሰው አጥሩ ላይ አስቀምጦ ይሸሻል። ሌሎቹ ሴቶች ለበዓሉ ታጥበው ስለወጡ ብቻዋን ቀርታለች።

ከሰዓት በኋላ እሳቱን እየቆሰቆሰች ሳለ ከበላይዋ አንድ ነገር ተንቋቋ። ቀና ከማለቷ ጣሪያውን የተሸከመው ግንድ ተሰንጥቆ ከነበረዶው ወረደ። ግራ እግሯን ከመሬቱ ጋር አጣብቆ ያዛት። ጮኸች። የግንዱ ሌላው ጫፍ ገና ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሱ ከለቀቀ እንደሚጨርሳት አወቀች።

ጩኸቷን የሰማው ፍየሎቹን ወደ ላይኛው ጋጣ የሚነዳው ሸርበክ ነበር። ወንዙን ተሻግሮ እየሮጠ መጣና አጥሩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ዱርዳና በፈረሰው ግድግዳ በኩል አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሴቶቹን ጥራልኝ» አለችው።

«እስኪመጡ ይደረመሳል።»

«እንዳትገባ፣ ሸርበክ። በሞቴ እንዳትገባ።»

«ሞትሽማ እየመጣ ነው» አለና ገባ።

ሲገባ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ካላየ ያልገባ መስሎት ይሆን፣ ዱርዳና አታውቅም። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማታል። በዳበሳ ግንዱን አገኘው፤ ትከሻውን ከሥሩ አስገብቶ ቀና አደረገውና «ውጪ» አላት። በክርኗ እየተሳበች ወጣች። እሱም ተከትሏት ዘሎ ሲወጣ ጣሪያው ከኋላው ተከነበለ።

በረዶው ላይ ተቀምጠው ተያዩ። ከጸደይ ጭፈራ ጀምሮ በሩቁ የሚያያት ልጅ ነው። በአክስቷ በጉልሲያ በኩል ቃል ልኮ ነበር፤ አባቷ ሚርዛማስ ግን አልሰማም። ሸርበክ በፍርሃቱ የታወቀ ነው። የበረዶ ናዳ በወረደበት ዓመት መንጋውን ጥሎ ከሁሉ ቀድሞ የሮጠ እሱ ስለነበር መንደሩ «ጥንቸሉ» ይለዋል። «ልጄን ለጥንቸል አልድርም» ነበር የሚርዛማስ መልስ።

ያ ጥንቸል አሁን እጆቹን እያገላበጠ ያያቸዋል። የዘንድሮው ተራ የጎሳው ነው፤ በወንዶቹ መንጻት ቀን ጥዱን የሚያጨሰው፣ የፍየሉን ደም በልጆቹ ላይ የሚረጨው እሱ ሊሆን ተመርጧል። ባሻሊ የገባ ሰው ፍየል ታርዶለት ይነጻል፤ ያ የሚሆነው ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ከሰው ይለያል። ደግሞም «ከማን ጋር ነው የገባኸው?» ይባላል።

«ማንም አላየም» አለችው ዱርዳና።

ሸርበክ ተነሥቶ ሄደ።

ለሴቶቹ ራሷ ተስባ እንደወጣች ነገረቻቸው። አመኗት። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቃት። እድፉን ደብቆ በባሉማይን ፊት ስለቆመ ሰው ከልጅነቷ የሰማችው ወሬ ነበር፤ ቆሞ እንደ እንጨት ደርቆ ተገኘ፣ ዐይኑም አልከደን አለ ይባላል። ያን ወሬ ባስታወሰች ቁጥር የሚታያት የሸርበክ ፊት ነበር።

የሴቶቹ መንጻት ቀን ደረሰ። በቀዝቃዛው ውሃ ታጥበው፣ አዲስ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በዛጎል ያጌጠ ቆባቸውን ደፍተው ተሰለፉ። የሚጤስ ጥድ በራሳቸው ላይ ሲዞር እያንዳንዷ ቂጣዋን ይዛ ትቆማለች። የዱርዳና ቂጣ በእጇ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው?» አለቻት አክስቷ ጉልሲያ በጆሮዋ። «ውሃው ነው ወይስ ጥንቸሉ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ዱርዳናም ለመሳቅ ሞከረች።

በማግስቱ ወንዶቹ ሴት ወደማይደርስበት መሠዊያ ወጡ። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ላይ ታያለች። ጭስ መውጣት በሚገባው ሰዓት ጭስ አልወጣም። ቆይቶ ወጣ። አባቷ ሲመለስ ገና ከሩቁ ይስቃል፤ ግን ሳቁ የደስታ ብቻ አልነበረም፤ ደጋግሞ ወደ ኋላው ይገላመጣል።

የሆነውን የነገራቸው እሱ ነው። የበዓሉ አዋቂ ቃዚ ሚርባቻ እንደየዓመቱ «እድፍ ያለበት ካለ ከመካከላችን ይውጣ» ሲሉ፣ ሸርበክ የያዘውን የጥድ ቅርንጫፍ መሬት ላይ አስቀመጠ። ባሻሊ መግባቱን ተናገረ። ለምን ገባህ ቢሉት፣ በረዶው አስፈርቶት ሊጠለል እንደሆነ ተናገረ።

«በረዶ ፈርቶ ሴቶች ቤት ተደበቀ!» አለ ሚርዛማስ። «ይኸ ነው እንግዲህ አማቼ ሊሆን የነበረው።» ጥዱን ሌላ ልጅ እንዳጨሰው፣ ሸርበክም አምላክ እስኪሄድ ከድልድዩ ማዶ ባለው የውሃ ወፍጮ ቤት እንዲቆይ እንደተፈረደበት ጨምሮ ተናገረ።

ዱርዳና ገባት። ስሟን ሊሸፍን ውርደቱን ለራሱ ወሰደው። አፏን ከፈተች፤ ምላሷ ግን አልታዘዛትም። አባቷ አያት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለች።

ሌላው ቢቀር ወፍጮ ቤት ባይሆን! ባሉማይን ወደ ሸለቆው የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ ፈረሱን ውሃ የሚያጠጣውም ከወፍጮው ቦይ ነው ይላሉ። በበዓሉ ሰሞን ማንም እዚያ አያድርም።

አመሻሹ ላይ ችቦ ተለኮሰ። ከየመንደሩ የወረደው እሳት በተራራው ጎን እየተጥመዘመዘ ወደ መጨፈሪያው ሜዳ መጣ። ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይዞራሉ፤ አምላክን የሚጠራው ዘፈን ከፍ ዝቅ ይላል። ሁሉም ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው አቅንቷል። ወደ ታች የምታየው ዱርዳና ብቻ ነበረች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ብርሃን የለም። እሳት እንኳ አላነደደም። አምላክ እንዳያየው ፈርቶ ነው ብላ አሰበች፤ ደግሞ ብርዱ ገድሎት ይሆን ብላ አሰበች፤ ሦስተኛውን ልታስብ አልደፈረችም።

አንድ ዙር ጨፈረች። በሁለተኛው ክንዷን ከአክስቷ ትከሻ ላይ አወረደች።

«የት ነው?» አለች ጉልሲያ።

ዱርዳና ወደ ድልድዩ ወረደች።

ድልድዩን በችቦ የሚጠብቁት ቃዚ ሚርባቻ ራሳቸው ነበሩ። ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት። ወደ ወፍጮው አለቻቸው።

«እዚያ ያደፈ ሰው አለ።»

«ያደፈው በእኔ ነው፣ አባባ።»

ከዚያ ምላሷ ተፈታ። ስለ ግንዱ፣ ስለ ጩኸቷ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ስለመግባቱ፣ «ማንም አላየም» ያለችው እሷ ስለመሆኗ ሁሉንም ነገረቻቸው። የቀሚሷን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን አሳየቻቸው። በችቦው ብርሃን ጠቁሮ አብጧል። ቃዚው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይኸ ሁሉ ሆኖ ነው የሳቅንበት?» አሉ።

«ልለፍ?»

«እለፊ አልልሽም። ካለፍሽ አንቺም አደፍሽ። አምላክ እስኪሄድ አትመለሽም፤ ቢያገኝሽም እኔ አላስጥልሽም። አትፈሪም?»

«እፈራለሁ።»

«እኔም» አሉ ሽማግሌው።

ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ዘፈኑ ዞሩ። ችቦውን ግን ወደ ኋላቸው ዘርግተው ያዙት፤ ብርሃኑ በረዶ የጋገረውን የድልድዩን እንጨት እስከ መጨረሻው አሳያት።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸና ጸጥ አለ። ስሙን ጠራች።

«ሸርበክ፣ እኔ ነኝ።»

«አይደለህም» አለ ከጨለማው ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። «አምላኬ፣ ዐይኔን ጨፍኛለሁ። ምንም አላየሁም። እባክህ እለፍ።»

«ዱርዳና ነኝ እኮ።»

«በእሷ ድምፅ አትምጣብኝ።»

ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ዱርዳናን ፍርሃትና ሳቅ አብረው ያዟት።

«አባቴ ጥንቸል ያለህ እውነቱን ነው» አለች። «ይኸንንም አምላክ ነው የሚልህ?»

ሸርበክ ዐይኑ ድረስ ያወረደውን ቆብ ቀስ ብሎ ከፍ አደረገ።

«እሱ አይሳደብም» አለ። «ስድቡስ ያንቺ ነው።» ወዲያው ግን ድምፁ ተለወጠ። «ምን አመጣሽ? ታጥበሽ ነጽተሽ ነበር እኮ! እኔ ለምን የዋሸሁ ይመስልሻል?»

«ለቃዚው ነግሬአቸው መጣሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሸርበክ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። በአምላክ ቀናት ወንድና ሴት አይነካኩምና ከወፍጮው ድንጋይ ወዲያ እንድትቀመጥ በእጁ አመለከታት። ካባውን አውልቆ በድንጋዩ ላይ ወረወረላት። እሷ ስትከለክለው፣ እሱ ሲግደረደር፣ መጨረሻ ላይ ካባው ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ወረደ። ሁለቱም ጫፍ ጫፉን ይዘው ጉልበታቸው ላይ ሳቡት። እጆቻቸው በጨርቁ ሥር አንድ ስንዝር ተራርቀው ቆዩ። አንዳቸውም አላስጠጉም፤ አንዳቸውም አላራቁም።

ከማዶ ዘፈኑ ይሰማል። ከዚያ ድንገት ተቋረጠ፤ አምላክ በሚያልፍበት ጊዜ ሁልጊዜ ይቋረጣል። ውጭ ቦዩ ዳር በረዶው ተሰበረ። አንዴ። ደግሞ ሌላ። የፈረስ ኮቴ የሚመስል ነገር ወደ በሩ ቀረበ፤ ከባድ ትንፋሽም ተሰማ። ዱርዳና ዐይኗን ጨፈነች። የምትሰማው የሸርበክን ጥርስ ብቻ ነበር፣ የሚንገጫገጨውን፤ አለመሸሹን የምታውቀውም በዚያ ነበር። በሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሸርበክ በበሩና በእሷ መካከል ነበር።

ውሃ ሲጠጣ ተሰማ። ከዚያ ኮቴው ራቀ።

ዘፈኑ እንደገና ሲጀመር ሁለቱም ዐይናቸውን ገለጡ።

«ተርፈናል?» አለች።

«እኔ እንጃ። የሞተ ሰው ይበርደዋል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ተርፈናል» አለ። ሁለቱም ሳይነካኩ ማልቀስ ጀመሩ።

አምላክ ሲሄድ ቃዚ ሚርባቻ ራሳቸው ፍየል አስነድተው መጡና አነጿቸው። መንደርተኛው በቻውሞስ ልጃገረድ ከወደደችው ጋር መኮብለሏን ያውቃል፤ ወፍጮ ቤት የኮበለለች ግን አይቶ አያውቅም ነበር። ሚርዛማስ በረዶው እስኪቀልጥ አላናገራትም። አንድ ቀን ግን ሸርበክን መንገድ ላይ አገኘውና የፈረሰውን የባሻሊ ግንድ አይቶት እንደመጣ፣ ለሁለት ሰው እንኳ ከባድ መሆኑን ነገረው። በዚያው ጸደይ ሠርጋቸው ተደገሰ።

ብዙ ዓመት አብረው ኖረው፣ ሸርበክ ባለፈው መከር ሞተ፤ ደረቱን አሞት ብዙም ሳይቆይ። እንደ ወጉ በመጨፈሪያው ቤት አስተኙት፤ ከበሮ ተመታ፤ ሽማግሌዎች እየተነሡ የሟችን ታላቅ ሥራ ተናገሩ። ለሌላው ሟች የገደለውን ነብር፣ ያበላውን ድግስ ይቆጥሩለታል። ለሸርበክ ፍየሎቹን አመሰገኑ፤ ደግነቱን አመሰገኑ፤ ከዚያ የሚሉት አለቀባቸው።

ዱርዳና ከራስጌው ተነሣች።

«ባሌ ፈሪ ነበር» አለች። ሰው ተንጫጫ። «ውሻ ይፈራ ነበር። ነጎድጓድ ይፈራ ነበር። አክስቴን ጉልሲያን እስከ ሞተችበት ቀን ይፈራ ነበር። ልጆቹ ባሳላቸው ቁጥር ተነሥቶ ትንፋሻቸውን ያዳምጣል። ነፋስ በሩን በነካው ቁጥር ተነሥቶ በሩ ጋ ይቀመጣል፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። እሱን እየሰማሁ ዞሬ እተኛለሁ።»

እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች።

«እሱ እየፈራ ነቅቶ ሲያድር፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንቅልፌን ተኛሁ። ሌሊቱ እንዴት እንደሚረዝም ያየሁት ገና ሰሞኑን ነው።»

ከበሮ መቺው እጁን አንሥቶ ጠበቃት። ዱርዳና ግን ገና አልጨረሰችም ነበር፤ የባሻሊውንና የወፍጮ ቤቱን ነገር መናገር ይቀራታል።