በዱቄቱ ውስጥ የቆመው ኩባያ

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ በተቀመጡበት ሞተው ሲገኙ፣ እናትየዋ የሆቴሉ ወጥ ቤት ውስጥ የዱቄት ከረጢቷን ታቅፋ ደርቃ ቆማ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋን ጩኸት ሰምታለች፤ ዓይኗ ግን ከከረጢቱ አፍ ብቅ ካለው የብረት ኩባያ እጀታ ላይ አልነቀል አላት። ኩባያው የሆቴሉ ነው፤ ሼፉ የፉርኖ ዱቄት የሚሰፍርበት።

ለሌላው ሰው ኩባያ ኩባያ ነው። ለእሷ ግን የልጇ ቁርስ ገደል ገባ ማለት ነበር።

የስምንት ዓመት ልጇ ስንዴና ገብስ የነካው ነገር አይስማማትም። ሐኪሙ ጠላቷ ግሉተን እንደሚባል ነግሯታል፤ ሊጡን እንደ ሙጫ የሚያያይዘው ነገር ነው። ብናኙ እንኳ ሆዷ ከገባ ሳታድር ታስመልሳለች፣ ከዚያ ለቀናት ሆዷን ይዛ ትተኛለች። ስለዚህ ወደዚህች ሞቃት ደሴት ለዕረፍት ሲመጡ፣ ሰው የዋና ልብስ ሲሸክፍ እናት የሩዝና የካሳቫ ዱቄት ሸከፈች። ደግ አደረገች። በየምግብ ቤቱ «ስንዴ የለበትም» ይሏታል፤ ጠጋ ብላ ስታይ ዓሣው በዱቄት ተለውሶ ይጠበሳል፣ ድንቹም እዚያው ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ሩዙ ላይ የሚንጠባጠበው ጥቁር ማጣፈጫ እንኳ ስንዴ አለበት። ኋላ ሼፉን ለምና አስለምና፣ በራሷ ዕቃ የራሷን ዳቦ መጋገር ጀመረች።

ከሟቹ ጋር ያወዳጃቸውም ይኸው ዳቦ ነው። ጡረታ የወጡ የመርከብ አዛዥ ስለነበሩ ሁሉም «ካፒቴን» ይላቸዋል። ስንዴ የእሷን ልጅ ሆዷን ሲያማት፣ እሳቸውን ጉሮሯቸውን ያንቃቸው ነበር። ልጅቷን «የማኅበሬ አባል» እያሉ ያጫውቷታል። ከሚስታቸውና ከእናትየዋ እጅ በቀር ከማንም አይቀምሱም፤ አብሯቸው የመጣው የእህታቸው ልጅ ውሃ ሲያቀብላቸው እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል።

እናት ከረጢቷን እንደታቀፈች ሮጣ በረንዳው ላይ ስትደርስ፣ ካፒቴን ፊታቸው አብጦ ከንፈራቸው ጠቁሮ አገኘቻቸው። ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ የተገመጠ ቁራሽ ዳቦ። የእሷ ዳቦ።

ሚስታቸው በሩ አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ቀና ብላ እናትየዋን አየች፤ ከረጢቱንና የኩባያውን እጀታ አየች። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ልጅቷ ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠየቀቻት። እናት ገና መሆኑን ነገረቻትና በልቧ መረቀቻት። በሐዘኗ ላይ ሆና የሰው ልጅ የምታስብ ሴት ከወዴት ትገኛለች?

መርማሪዋ የመጣችው ከወደቡ ፖሊስ ጣቢያ ነው። አጠር ያለች፣ የሰውን ፊት ከማየቷ በፊት እጁንና ጭኑን የምታይ ሴት። አብሯት የመጣው ሐኪም ሬሳውን መርምሮ የልብ በሽታ እንዳልሆነ፣ ስንዴ ጉሮሯቸውን ዘግቶ እንደገደላቸው ሲያስረዳ፣ እሷ ተንበርክካ የሟቹን ሱሪ፣ የወንበሩን ሥርና ጢማቸውን ታያለች። ስንዴ ድንገት ቢነካቸው እንዲወጉት ከደረት ኪሳቸው የማይለዩት መርፌ የተዘጋ ሻንጣ ውስጥ ተገኘ። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አንድ ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ሌሎቹ እንደቆሸሹ የጽዳት ሠራተኛዋን ይጠብቃሉ።

ለእህት ልጅየው ግን ነገሩ ያለቀ ነበር።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ። «ዳቦውን የጋገረችው እሷ ናት። ደግሞ ንጹሕ ሰው ዱቄት ታቅፎ ይሮጣል እንዴ?»

ሼፉም ከጎኑ ቆመ። ይቺ ሴት በመጀመሪያው ቀን ማንኪያውን ከረጢቷ ውስጥ ስለከተተ ብቻ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እንዳዋረደችው፣ ከዚያ ወዲህ ዕቃዋን በሩቁ እንደሚያልፈው ተናገረ። ማታ ሥራ ጨርሶ ሲወጣ ወጥ ቤቱን እንግዶች ሙቅ ውሃ እንዲያገኙ ክፍት ይተወዋል፤ ማን ገባ ማን ወጣ አያውቅም። የእህት ልጅየው በረዶ ሊወስድ ገብቶ እንደነበር አመነ። ሚስትየዋም ብርጭቆ ልትወስድ ገብታለች። ማታ ማታ ለካፒቴን በሩዝ ዱቄት የወፈረ የኮኮናት ወተት ታሞቅላቸው ነበር፤ ትናንት ግን እምቢ ብለው ውሃ ብቻ ጠጥተው እንደተቀመጡ፣ እሷም ደክሟት ቀድማ እንደተኛች ተናገረች።

መርማሪዋ ሁሉንም ሰምታ፣ ነገሩ ካልጠራ እናትየዋ ከሰዓት በኋላ በሚሄደው የፖሊስ ጀልባ ወደ ዋናው ከተማ ተወስዳ ፍርድ ቤት እስክትቀርብ እዚያ እንደምትቆይ ነገረቻት። ለእናት ከእስሩ ይልቅ ቀድሞ የመጣባት ሌላ ሐሳብ ነው።

«ልጄን ማን ያበላታል?»

«መንግሥት ያበላታላ» አለ የእህት ልጅየው።

«መንግሥት የሚያበላት ዳቦ ነው።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ቀና አድርጋ አየቻት። ክንዷን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ወሰደቻትና በርጩማ ሰጠቻት።

«እስቲ ስለ ዳቦሽ ንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ዳቦ ለመባሉም እንጃ። ሙጫ ስለሌለው ይፈረፈራል። ልጄ በበላች ቁጥር ከአገጯ እስከ ጉልበቷ ነው የማራግፋት።»

«ካፒቴንስ?»

«እሳቸውማ ጢማቸው ሳይቀር። "ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የወፎች ነው" ይሉ ነበር።»

«ልጅሽ ትናንት ከዚሁ በላች?»

«አንዱን ዳቦ ለሁለት ተካፍለው ነው የበሉት። የቀረውን ቁራሽ ባለቤታቸው ለጠዋት ብለው ይዘውላቸው ገቡ።»

መርማሪዋ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ዳር አየች። ልጅቷ ከማዕበሉ ጋር እየተሯሯጠች ትስቃለች። ከዚያ በራት ሰዓት ምን እንደተባለ ጠየቀች። እናት ለመናገር አፈረች፤ ቢሆንም ተናገረች። ካፒቴን ዳቦውን ቆርሰው፣ ሚስታቸው ይህን ሁሉ ዘመን እንጨት ስታበላቸው እንደኖረች፣ ዳቦ ገና አሁን መቅመሳቸውን በሰው ፊት ተናገሩ። ለእናትየዋ ቤታቸው መጥታ እንድትሠራ ጥያቄ አቀረቡ። ወደ ሚስታቸውም ዞረው «አንቺ ከእንግዲህ አታስፈልጊኝም፣ ሂጂና እህትሽ ጋ ረፊ» አሏት። ሰው ሳቀ። ሚስትየዋም ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ውሃ የተሞላ ሳፋና የዱቄቱ ከረጢት ከነኩባያው ብቻ ነበሩ። ከበሩ ውጭ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

መርማሪዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ እንደነበሩ፣ ዱቄት ሲገዙ እንዳይታለሉ ያደርጉት የነበረውን እንደምታሳያቸው ነገረቻቸው። ከከረጢቱ አናት አንድ እፍኝ ዘግና፣ በጥቂት ውሃ አሽታ፣ ሊጡን ሳፋው ውስጥ ታጥበው ጀመር። ውሃው ነጣ። ሊጡ ግን አላለቀም፤ መዳፏ ላይ ግራጫ ነገር ቀረ። በሁለት ጣቷ ይዛ ስትስበው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ።

«ስንዴ ነው» አለች።

«አላልኳችሁም?» አለ የእህት ልጅየው።

እናት ወንበሩን ይዛ ቆመች። መርማሪዋ ግን እጇን ታጥባ፣ እስከ ክንዷ ከረጢቱ ውስጥ ገብታ ከሥር ሌላ እፍኝ አወጣች። አሸችው፣ አጠበችው። ሁሉም ሟሟ። ባዶ መዳፏን ዘርግታ አሳየቻቸው።

«የተደባለቀ ቢሆን ላዩና ታቹ አንድ በሆነ። ስንዴውን ሰው ከላይ ነው የነሰነሰው፣ ያውም ዳቦው ከተጋገረ በኋላ።»

«ከላዩ ዘግና ጋግራው ቢሆንስ?» አለ የእህት ልጅየው፤ ድምፁ ግን ወርዷል።

«ከአንድ ዳቦ የካፒቴን ግማሽ ገደለ፣ የልጅቷ ግማሽ እንድትዋኝ ለቀቃት? ከዚያም በላይ ካፒቴን ያንን ቁራሽ አልበሉትም። ሳህናቸው ላይ ፍርፋሪ የለም፤ ጢማቸው ላይ የለም፤ ጭናቸው ላይ የለም። ይህን ዳቦ ሳያፈርስ የሚበላ ሰው አልተፈጠረም። አንድ ሰው ሌላ ቦታ ገምጦ አምጥቶ አስቀመጠው።»

ጩኸቱ ከተሰማ ጀምሮ ከረጢቱ ከእናትየዋ ክንድ እንዳልተለየ አስታወሰቻቸው። እንግዲህ ስንዴውን የነሰነሰው ሰው፣ ሞቱን ማንም ሳያውቅ ያውቅ ነበር። ቀጥላ ኩባያውን አነሳች።

«ይኼ ነው ያስቸገረኝ። መጀመሪያ ሰው የረሳው መሰለኝ። ግን የከረጢቱ አፍ እጀታው እንዲታይ ተደርጎ በገመድ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ነበር። የረሳ ሰው እንዲህ አያስርም። እህቴ፣ ኩባያውን ስታዪ ምን አልሽ?»

«ይህን ዱቄት ለልጄ አልሰጥም አልኩ።»

«ስንዴውን ሳታዪ?»

«ኩባያው ይበቃኛል።»

መርማሪዋ ወደ ሼፉ ዞረች። ለእሱ ማንኪያ ማንኪያ ነው፤ እስከ ዛሬ የተዋረደበት ምክንያት አልገባውም። የእህት ልጅየውም ትንሽ ስንዴ ምን ያደርጋል ባይ ነው። እንግዳ ኩባያ ብቻውን አንዲትን እናት ዱቄቷን እንደሚያስጥላት የሚያውቀው እንደ እሷው ሲኖር የኖረ ሰው ነው።

«ገዳይዋ ባሏን ገደለች፣ ጥፋቱን በሌላ ሴት ላይ ጣለች፣ ሕፃኗ ግን እንድትታመም አልፈለገችም። ጠዋት ሬሳው አጠገብ ሆና አስቀድማ የጠየቀችውም ልጅቷ ቁርስ መብላቷን ነው። ካፒቴን ከሁለት ሰው እጅ ብቻ ይቀምሳሉ። አንዷ ነፃ ወጣች። ወተቱን ካልጠጡ ብርጭቆው ለምን ታጠበ፣ እትዬ? መርፌውንስ ከኪሳቸው ማን አወጣው?»

ሁሉም ወደ ሚስትየዋ ዞረ። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ውሃውን ታያለች።

«በሩዙ ፋንታ ስንዴ ጨመርኩበት። ወተቱ ጥሩ ወፍሮልሻል ብሎኝ ነበር» አለች። «ከተጋባን ጀምሮ ስንዴ በአፌ ገብቶ አያውቅም። ከንፈሬ ላይ ተርፎ እንዳይገድለው ብዬ። የሰው ቤት ድግስ ሄጄ ጦሜን ነው የምመለሰው። በየሌሊቱ ተነስቼ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ይህን ሁሉ አንዲት ቁራሽ ዳቦ በላችው።»

«እኔስ ምን አደረግኩዎት?» አለች እናት።

«አንቺማ ምንም። ያመሰገነው ግን አንቺን ነው።»

«ልጄን በኩባያው አድነው፣ እኔን አሳስረው፣ በነጋታው ማን ሊያበላት ነበር?»

የሚስትየዋ ፊት የተሰበረው ያኔ ነው። ይህን ብቻ አላሰበችውም ነበር።

ፖሊሶቹ ሊወስዷት ሲያስነሷት ልጅቷ ከባሕሩ እየሮጠች ገባች፤ ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል፣ እግሯ አሸዋ ለብሷል።

«እማዬ፣ ራበኝ።»

ዱቄቱ ተበላሽቷል፤ እነሱን የሚመልሳቸው ጀልባ ገና ከነገ ወዲያ ነው። ሚስትየዋ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ አንዲት ዓሣ ሻጭ አለች» አለች፣ ወደ ኋላ ሳትዞር። «በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በከሰል ነው የምታበስለው። ዘይት የለ፣ ዱቄት የለ። ምሳውን ከእሷ ነበር የምወስድለት፤ ልነግርሽ አስቤ ተውኩት። ቢላዋዋን ግን ፊትሽ ታጥበው።»

«ገዳይ ያመለከተውን ማን ይበላል?» አለ የእህት ልጅየው።

እናት ወደ መርማሪዋ አየች። መርማሪዋ እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ይህ የእሷ ሥራ አይደለም። እናት የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ዓሣ ሻጯ እንደተባለው ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ ነበረች። እናት ቢላዋውን ሁለት ጊዜ አሳጠበቻት፤ ከሰሉን አየች፣ ቅጠሉን አገላብጣ አየች፣ የሴትዮዋን ጥፍር ሳይቀር አየች። ብትቀምሰው ደግሞ ምንም አይነግራትም፤ የእሷ ሆድ ከስንዴ ጋር ጠብ የለውም። ቅጠሉ ሲፈታ እንፋሎቱ ወጣ። ልጅቷ እንደ ልማዷ፣ እጇን ሳትሰድ የእናቷን ፊት አየች።

«ብዪ» አለቻት።

ልጅቷ ጎረሰች። እናት ቀና ስትል፣ ሚስትየዋ ጀልባው ላይ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጣ ልጅቷን ታያለች። ሞተሩ ሲነሳም ዓይኗን አላነሳችም። እናት እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ ለእርግማን ይሁን ለምስጋና ራሷም ስላላወቀች፣ መልሳ በልጇ እርጥብ ፀጉር ላይ አሳረፈችው።