ያልተደወለው ስልክ

መርማሪው ሲደርስ፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ገና ከጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ አልተነሱም ነበር። ላበጠው ድዳቸው ፔኒሲሊን ተወግተው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሻቸው ቆሟል። መድኃኒቱ አይስማማቸውም ነበር።

መርማሪው ሬሳ አይቶ የሚደነግጥ ሰው አይደለም። ወንበሩን ሲያይ ግን ግራ ጉንጩን ያዝ አደረገ። ሌቦች የሚፈሩት ይህ ሰው የጥርስ ሐኪም እንደሚፈራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ሳይጠይቋቸው ወጉ?»

ወጣቱ ሐኪም ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። «እኛ ጋ የሚጠየቀው በዋዜማው በስልክ ነው፤ ወንበሩ ላይ ጊዜ እንዳይባክን። መዝገቡ ላይ ‹የማይስማማቸው መድኃኒት የለም› የሚለው ምልክት ተደርጎበታል።»

«ምልክቱን ማን አደረገ?»

«እሷ ናታ» አለች የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣ የሐኪሙ ታላቅ እህት፤ በአገጯ ወደ እንግዳ ተቀባይዋ እየጠቆመች። «የሥራ ድልድሉ ግድግዳው ላይ ነው። ትናንት ከሰዓት ስልኩ ጋ የተመደበችው እሷ ናት። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት እንጀራ የላትም፤ የቀረውን ሕግ ይጠይቃት።»

ልጅቷ ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረች። «ነርሷ ስለቀረች ውስጥ ገብቼ ዶክተርን ሳግዝ ነበር። እትዬ፣ ራስዎ አይደሉ ያስገቡኝ?»

«ድልድሉ እንደሱ አይልም።»

መርማሪው ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ዶክተር?»

«ትናንት ሰው ብዙ ነበር፤ አላስታውስም» አለ ሐኪሙ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

የሟች ባለቤት መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የባላቸውን ኮፍያ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። «ትናንት ቀኑን ሙሉ አብረን ነበርን፤ የደወለ የለም» አሉ። «ቢደወልማ እስካሁን ያወራ ነበር። እሱ እኮ አንዴ ካነሳ አይዘጋም።»

መርማሪው የቀጠሮ መዝገቡን ገለጠ። አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለዋወጠ። የታካሚ ካርዶቹንም አገላበጠና ሁሉንም ወደ መጠበቂያ ክፍሉ ጠራ።

«ይህች ልጅ ስትደውል ሰዓቱን ትጽፋለች» አለ። «የትናንት ጠዋት ጥሪዎች ሁሉ ሰዓት አላቸው። የመጨረሻዎቹ ሰባት ግን ምልክት ብቻ ናቸው፤ የሰባቱ መጀመሪያ ሟች ናቸው። ማደንዘዣ የተወጋበትን ሰዓት ካርዱ ላይ የሚጽፈው ደግሞ ሐኪሙን የሚያግዘው ሰው ነው። ትናንት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካርዶቹ ሁሉ የእሷ እጅ ጽሑፍ ናቸው። ሁለት ቦታ ልትሆን አትችልም።»

«ታዲያ ሌላ ሰው ደውሎላት ይሆናላ» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«አልተደወለም።» መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሰባቱ አምስተኛው እኔ ነኝ። ‹ተደውሏል፤ እመጣለሁ ብሏል› የሚለው ምልክት ተደርጎበታል። እኔ ትናንት ስልኬን በእጄ ይዤ ነው የዋልኩት፤ ስትደውሉ የምሰጠውን ሰበብ አዘጋጅቼ። አክስቴን ልቀብር ነበር።» መሬት መሬት አየ። «አክስት የለኝም።»

ማንም አልሳቀም።

«ልጅቷ ከእኔ ጋር ነበረች» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስልኩ ጋ የነበረችው እህቴ ናት። እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

ሥራ አስኪያጇ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ደበቀች። «ሰባት ሰው ቀርቶኝ ነበር። እሳቸው ጋ ስደርስ እጄ አልሄድ አለኝ። ባለፈው ቀጠሮ ልሰጣቸው ስደውልላቸው ስለ ኮት ገበር ሃያ ደቂቃ አወሩኝ። ዘለልኳቸው። አንዴ ከዘለልኩ በኋላ የቀሩትም ቀለሉኝ።»

ሴትየዋ ኮፍያውን አገላብጠው አዩት።

«እኔንም አርባ ዓመት አሰልችቶኛል» አሉ። «ግን ገበሩ ሁለተኛ ወሬው ነው። መድኃኒት ላነሳበት ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው፣ በወጣትነቱ ፔኒሲሊን ሊገድለው የነበረበትን ቀን ነው። ትናንት ደውለሽ ስለ መድኃኒት ብትጠይቂውማ ማን ያስቆመው ነበር?»

ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ጠራ። እንግዳ ተቀባይዋ በልማድ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ሰበሰበችውና ስልኩን ወደ ሥራ አስኪያጇ ገፋ አደረገችው።

ሥራ አስኪያጇ አነሳችው። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው «ሃሎ» ይላል፤ ደግሞ «ሃሎ» ይላል።