የቀዘቀዘ ግንባር

«እጅ ወደ ላይ!»

ዙልፋ ሁለት እጇን ሰቅላ ዓይኗን ጨፈነች። ብርቅዬ ነጩን የሙቀት መለኪያ ወደ ግንባሯ አስጠግታ ቁልፉን ተጫነች። ጢጥ አለ።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። ለዛሬ ተርፈሻል፤ ግቢ።»

የአራት ዓመቷ ልጅ እውነትም ከሞት የተረፈች ያህል እየሳቀች እጇን ልትታጠብ ወደ ጀሪካኑ ሮጠች።

መለኪያውን «ሽጉጡ» ያሉት ልጆቹ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ግንባሩ ላይ ሲደቀንበት የማያለቅስ አልነበረም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለ በሩ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ነገሩን የሌባና ፖሊስ ጨዋታ ያደረገችው ብርቅዬ ናት። ከዚያ ወዲህ የሚያስለቅሳቸው ሳይለኩ መግባት ሆነ።

የሕፃናት ማቆያው የእናቷ የአገሬ ነው። ቤቱ ግን የእነሱ አይደለም፤ ኮሮና መጥቶ ቱሪስት ከላሊበላ ሲጠፋ የተዘጋ የአንድ ፔንሲዮን ምግብ አዳራሽ ነው። ፈረንጅ ይበላበት በነበረው ወለል ላይ አሁን በጠመኔ የተሠሩ ክቦች አሉ፤ ለአንድ ልጅ አንድ ክብ፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ኩባያ። አገሬ ሥልጠና ገብታ የተማረችው ደንብ ብዙ ነው። ልጅና ደንብ ደግሞ እሳትና ጭድ ናቸው። ጋሻዬ የሚባለው ደንደን ያለ ልጅ ሌላውን ካላጎረሰ እህል አይወርድለትም። «ጉርሻ ክልክል ነው፤ ከክብህ አትውጣ» ሲሉት እግሩን ክቡ ውስጥ ትቶ በሆዱ ይተኛና እጁን ዘርግቶ ያጎርሳል። ሌሎቹም እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ሳሙናውን ከላሱ በኋላ። ማስክማ ለትንንሾቹ ተሰጥቶ እየተዋዋሱ ሲያደርጉት ስለተገኙ ወዲያው ቀረ። ስለዚህ የደንቡ ሁሉ ክብደት የወደቀው በሩ ላይ ነው። የታመመ ልጅ ካልገባ የሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

በሩ ደግሞ የብርቅዬ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ምላሷ ምላጭ ነው። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት እዚህ ትቆማለች። ዛሬ ግን በኮሮና ተላልፎ የቆየው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስላለ ለሌላው ተማሪ ትምህርት የለም፤ ቀኑን ሙሉ ልትቆም ነው።

«አንቺ ዘበኛ» አለች የዙልፋ እናት ጀውሀራ፣ ዘንቢሏ ውስጥ የልጇን ምሳ እየፈለገች። ገበያ ዳር ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። «ባለፈው ሳምንት በንፍጥ ብቻ አባረርሽን። ያ ሁሉ ቲማቲም በሰበሰብኝ ወላሂ!»

«ቲማቲሙ ነው የበሰበሰው፤ ልጅዎ ደህና ናት። ይሂዱ ይሽጡ፣ እትዬ ጀውሀራ።»

«ወይ አፍ! አንቺን የሚያገባ ሰውዬ ከወዲሁ ሶላት ይጀምር።»

ብርቅዬ በማስኳ ውስጥ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ የትናየት ወንድሟን ምሥጋናውን አዝላ እያለከለከች ዳገቱን ወጣች። ዩኒፎርሟ ተተኩሷል፤ እስክሪብቶ ጸጉሯ ላይ ሽጣለች። የትናየት አንድ ክፍል ብትበልጣትም ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ዛሬ ከሚፈተኑት አንዷ ናት።

«ቶሎ በይ ብርቄ፣ በናትሽ። በሩን ይዘጉብኛል።»

«እጅ ወደ ላይ!» አለች ብርቅዬ ለምሥጋናው።

ምሥጋናው እጁን አላነሣም። ሌላ ቀን ቢሆን በጣቱ መልሶ «ዷ!» ይላት ነበር። ዛሬ ጉንጩን እህቱ ትከሻ ላይ እንዳስደገፈ ዝም ብሎ አያት። ሽጉጡ ጢጥ አለ፤ ሠላሳ አራት ነጥብ ስምንት።

«አየሽ፣ ደህና ነው» አለች የትናየት። የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ብርቅዬ ልጁን አየችው። ከአሸተን ተራራ የሚወርደው የጠዋት ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። በዚህ ነፋስ የልጁ ራስ ባዶ ነበር። ኮፍያ የለ፣ ነጠላ የለ። ያቺ ወንድሟን ዓይኑ ብቻ እስኪቀር ጠቅልላ የምታመጣው የትናየት ራሱን ገልጣ አመጣችው!

ባለፈው ወር አንድ ብርዳም ጠዋት ሽጉጡ የመጣውን ልጅ ሁሉ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አራት ይል ጀመር። ብርቅዬ ያን ቀን ለየትናየት «እንደ ማሽኑ ከሆነ ግማሾቹ ሞተዋል» ብላ እየሳቀች አውርታላት ነበር። በኋላ እናቷ ስታጣራ ነገሩ ገባቸው፤ ብርድ የመታው ግንባር መለኪያውን ያታልለዋል። ልጆቹ እስከ በሩ ድረስ ተከናንበው እንዲመጡ ለወላጆች የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህንንም ለየትናየት የነገረቻት ብርቅዬ ራሷ ናት።

«ኮፍያው የት አለ?»

«ረሳሁት።»

«ጸጉሩስ ለምን ረጠበ?»

«ፊቱን አጥቤው ነዋ! ምርመራ ነው እንዴ? የምፈተነው እኮ እዚያ ነው።»

በር ላይ የቆመ ሰው ልጅ አይነካም። ከነካም ወደ አዳራሹ አይገባም። ይህን ደንብ ብርቅዬ አንድም ቀን ጥሳው አታውቅም። አሁን ግን እጇን ሰደደችና በልጁ ሹራብ አንገት ውስጥ ከተተችው።

ሰውነቱ ይፋጃል።

ሁለቱ ተያዩ። የትናየት ቀድማ ዓይኗን ሰበረች።

«ሌሊቱን ነው የጀመረው» አለች በሹክሹክታ። «ጉንፋን ነው፣ ሌላ አይደለም። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ያዙልኝ።»

«ፎገርሽኝ።»

«አንቺን ማን ፎገረሽ? ሽጉጡ ደህና ነው ካለ ደህና ነው። አንቺ ምን አገባሽ?»

«የሽጉጡን ነገር የነገርኩሽ እኔ ነኝ!»

የትናየት የማዘያዋን ጫፍ ጨበጠች። «እማዬ ጋሸና ናት፤ እስከ ቅዳሜ አትመጣም። ለማን ልተወው? ዛሬ ካልተፈተንኩ ለከርሞ ነው። ለከርሞ ደግሞ የለም። ‹ከወደቅሽ ከእኔ ጋር መጥተሽ ሰሐን ታጥቢያለሽ› ብላለች፤ ታውቂያታለሽ እማዬን፣ አትቀልድም።»

ብርቅዬ ታውቃታለች። ሆቴሎቹ ሳይዘጉ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ አሁን ጋሸና መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ሾፌሮች የበሉበትን ታጥባለች። የምትቀልድ ሴት አይደለችም።

«ምንድን ነው እሱ ሹክሹክታ?» አለች ጀውሀራ ከኋላ፤ ምሳውን አግኝታ ነበር፤ ግን አልሄደችም።

ከውስጥ ደግሞ የእናቷ ድምፅ መጣ። «ብርቅዬ! የምሥጋናው ስንት አለ?»

ሠላሳ አራት ነጥብ ስምንት ብትል ውሸት አይባልም። መለኪያው ያለው ያንን ነው። ማንም መጥቶ ልጁን ዳግም አይለካውም፤ የትናየት ትሮጣለች፣ ትፈተናለች፣ ምሥጋናውም ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ይውላል። ብርቅዬ አንገቷን ወደ አዳራሹ አዞረች። ጋሻዬ ጓደኛውን ከሩቅ አይቶት ኖሮ ከጎኑ ያለውን ባዶ ክብ በመዳፉ እየደበደበ «ምሥጋናው፣ ና! ዳቦ አለኝ!» ይላል። ዳቦው ከወዲሁ ለሁለት ተቆርሷል። ጋሻዬን ማታ መጥተው የሚወስዱት አያቱ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ደረታቸውን የሚያማቸው፣ ይህችን ዳገት ለመውጣት ሦስቴ የሚያርፉ ሽማግሌ።

«ሽጉጡ ሠላሳ አራት ነጥብ ስምንት ይላል!» አለች ጮክ ብላ።

የትናየት ትንፋሿ ተመለሰ።

«ግን ይዋሻል። ልጁ ትኩሳት አለው። በእጄ ነክቼዋለሁ።»

አገሬ እጇን በሽርጧ እያደረቀች መጣችና ደፉ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ያየችው ልጁን አይደለም፤ ልጇን ነው።

«ነካሽው?»

«ነካሁት።»

«እንግዲያ አንቺም አትገቢም። ሐኪም ሌላ ካላለ በቀር አሥራ አራት ቀን ከሰው አትቀላቀይም። ዕቃ ቤቱን አጸዳልሻለሁ፤ እዚያ ትተኛለሽ። ገናም በመካከሉ አለ።»

«አውቃለሁ» አለች ብርቅዬ። አላወቀችም ነበር፤ የቆጠረችው ገና አሁን ነው። ከመላው አገር ሰው የሚጎርፍበትን በዓል፣ ያን ሁሉ ሽብሸባ፣ እሷ ከዕቃ ቤት ሆና በጆሮዋ ልትሰማው ነው።

ብርቅዬ ከጀውሀራ አንድ ነገር ይመጣል ብላ ተዘጋጅታ ነበር። ጀውሀራ ግን ከዘንቢሏ አንድ የታጠፈ ሻሽ አወጣችና አጥሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ራቅ አለች።

«በሉ ራሱን ሸፍኑት። ልጅ ነው እኮ፣ የኔ ሽንኩርት አይደለም በውርጭ የምታሳድሩት።» ከዚያ ብርቅዬን አየቻት። «እኔ ደግሞ ጓደኛሽ ናት ብለሽ እያወቅሽ የምታሳልፊ መስሎኝ፣ ልሰድብሽ ነበር የቆምኩት።»

«ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ።»

የትናየት ምሥጋናውን ሽቅብ አስተካክላ አዘለችና ፊቷን አዞረች። እንባዋ በማስኳ ላይ ይወርዳል።

«ወዴት ነው?» አለቻት ብርቅዬ።

«ወዴት ይሆናል? ቤቴ ነዋ። ደስ ይበልሽ።»

«ልጁን አውርጂው።»

«ምን?»

«አውርጂው አልኩሽ። አንዴ ነክቼዋለሁ፤ ሁለቴ ብነካው ምን ይጨምራል? ከእኔ ጋር ይውላል።»

የትናየት ዞረች። ብርቅዬ ግን ገና አልጨረሰችም።

«ትምህርት ቤት ስትደርሺ ግን በሩ ላይ ትነግሪያቸዋለሽ። ወንድሜ ታሟል፣ አዝዬው ነው ያደርኩት በያቸው። ለእንደዚህ ያለ ሰው ለብቻ ክፍል አዘጋጅተዋል።»

«አብደሻል! ተማሪው ሁሉ እያየኝ? ‹ኮሮናዋ መጣች› ብለው ስም ያወጡልኛል። በዚያው ነው የምቀረው።»

«ያውጡልሽ። ሰሐን አጣቢ ከሚሉሽ ይሻላል።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የማን እናት ምን እንደምትሠራ ትዝ ያላት። የትናየት ፊቷ ዕብነ በረድ ሆነ።

«እማዬ ናት ሰሐን የምታጥበው» አለች በቀስታ።

ብርቅዬ ማስኳን ያለ ምክንያት አስተካከለች። «አፌ ነው» አለች በመጨረሻ። «እናትሽን ማለቴ አይደለም። ይቅርታ። አውርጂውና ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

የትናየት ማዘያውን ፈታች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ለብርቅዬ ስትሰጣት እጃቸው ተነካካ፤ ሁለቱም ቶሎ አላነሡትም።

«በር ላይ ባልነግራቸውስ?» አለች የትናየት።

«እዚያ በር ላይ እኔ የለሁም። አንቺ ነሽ ያለሽው።»

የትናየት ቁልቁል ሮጠች። ከመታጠፊያው ስትደርስ ፍጥነቷን ቀንሳ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ እንደገና ሮጠች። ትናገር፣ አትናገር፣ ከጀርባዋ አይታወቅም።

«ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አለች አገሬ ከደፉ ሳትወርድ። ልጇን ልታቅፋት ፈልጋ እጇን መልሳ የሰበሰበች ትመስላለች። «ማስክሽን አታውልቂ። ስትደርሺም ውጭ ሁኚና ጥሪያቸው።»

ብርቅዬ ምሥጋናውን በጀውሀራ ሻሽ ሸፍና አዘለችው። ሙቀቱ በሹራቧ አልፎ ጀርባዋን አጋላት። ከግቢው ስትወጣ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በገበያው በኩል ያለው አጭርና ደልዳላ ነው፤ ግን በዚያ በኩል የታዘለ ልጅ አይቶ ሳይስም የሚያልፍ ሰው የለም። አንዷ «የማን ልጅ ነው? ምነው ከሳብኝ?» ብላ ጉንጩን ትስመዋለች፤ ሌላዋ ትከተላለች። «አትሳሙት» ብትል ትሰደባለች፤ ምላሽ ትሰጣለች፤ ያኔም የሚስመው ስሞት ይሄዳል። በጓሮ በኩል ያለው መንገድ ዳገትና ኮረት ነው፤ ሰው አይበዛበትም።

«ገበያ ነው የምንሄደው?» አለ ምሥጋናው ከጀርባዋ፣ በደከመ ድምፅ።

«አይደለም።»

«ለምን?»

«አንተን የሚወድህ ሰው እዚያ በዛ» አለችው። ማዘያውን አጠበቀችና ዳገቱን ያዘች።