ትርንጎ እና የጥቅምት ንስሮች

ጠጋ በሉ፤ ስለ ትርንጎ ልንገራችሁ። ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤቷም ጣና ሐይቅ ዳር ነው።

ጥቅምት ገባ። ዝናቡ ሄደ፣ ጭቃው ደረቀ፣ ሰማዩም ታጥቦ የተሰጣ መሰለ።

በጥቅምት፣ ብርድ ከበረታበት ከሩቅ አገር፣ ትልልቅ ወፎች ይመጣሉ። ንስሮች ይመጣሉ። ጭልፊቶች ይመጣሉ።

የትርንጎ አክስት ማስተዋል ትባላለች። ሥራዋ እነዚህን ወፎች መቁጠር ነው። ሐይቁ ዳር ካለችው ጉብታ ላይ ትቀመጥና፣ ቀና ብላ ትቆጥራለች።

«አክስቴ፣ እኔም ልቁጠር! እስከ መቶ እችላለሁ እኮ!» አለች ትርንጎ።

አክስቷ ከኪሷ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር አወጣች። ጫን ሲሏት «ቀጭ!» ትላለች። ቀጭ ባለች ቁጥር፣ ፊቷ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ይጨምራል።

«ይቺ መቁጠሪያ ናት» አለች አክስቷ፣ ለትርንጎ እየሰጠቻት። «ሕጉ ደግሞ ይሄ ነው፤ አንድ ወፍ፣ አንድ ቀጭ!»

«አንድ ወፍ፣ አንድ ቀጭ!» አለች ትርንጎ።

ጉብታዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጠበቁ። ሐይቁ ሿ... ሿ... ይላል። ሰማዩ ባዶ ነው።

ድንገት አንድ ጥቁር ወፍ ብቅ አለ። ቀጭ!

«ቋ! ቋ! ቋ!» አለ ወፉ።

አክስቷ ሳቀች። «እሱማ ቁራ ነው! የሰፈራችን ነው እንጂ እንግዳ አይደለም።» መቁጠሪያዋንም ወደ ዜሮ መለሰችላት።

ፀሐይዋ ሞቀች። ከሩቅ፣ ከተራራው በላይ፣ አንዲት ነጥብ ታየች። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ብዙ፣ እንደ ተበተነ ጤፍ።

«መጡ!» አለች አክስቷ በሹክሹክታ። «ትልልቆቹ ንስሮች ናቸው፤ እነሱን አንቺ ቁጠሪ። ትንንሾቹን ጭልፊቶች ለእኔ ተዪልኝ።»

ንስሮቹ ክንፋቸውን አያራግቡም። ዘርጋ ብቻ ያደርጉታል፤ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ያነሳቸዋል። ዞር... ዞር... ዞር... እንደ እንዝርት ይሾራሉ።

አንድ ወፍ፣ አንድ ቀጭ! አንድ ወፍ፣ አንድ ቀጭ! ትርንጎ ሠላሳ አንድ ላይ ደረሰች።

ያኔ አንድ ንስር ዝቅ ብሎ መጣ። ጥላው በሣሩ ላይ ተንሸራተተ፣ በትርንጎ እግር ላይ አለፈ፣ በፊቷም ላይ አለፈ።

ትርንጎ ቀና አለች። የክንፉ ጫፍ እንደ ጣት ተከፍቷል። ቢጫ እግሮቹን ሆዱ ሥር ሰብስቧል። ቁልቁልም አያት።

«ከየት መጣህ?» አለችው በልቧ። «ባሕር ተሻግረሃል? በረሃ አቋርጠሃል? አልደከመህም?»

ንስሩ ዞር... ዞር... ዞር... አለ። ትርንጎም አብራው የምትዞር መሰላት። እግሯ ሣሩን የለቀቀ፣ ሐይቁም ከሥሯ እንደ ሳህን ያነሰ መሰላት።

ነቃ ስትል ንስሮቹ የሉም። ሐይቁን ተሻግረው ሄደዋል።

መቁጠሪያዋን አየች። ሠላሳ አንድ! ያለፉት ግን ከዚያ ብዙ ነበሩ። አሁን ምን ይሻላል?

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ... በቀሚሷ ሸፍና፣ አርባ እስኪሆን ተጫነቻት። ሰማዩ ላይ ግን አንድም ወፍ አልነበረም።

«ስንት ደረስሽ፣ የኔ እመቤት?» አለች አክስቷ።

«አርባ» አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ሣሩ ላይ ተክላ።

አክስቷ ደብተሯን ገልጣ ጻፈች፤ አርባ ንስር። «ጎበዝ! አየሽ፣ ወፎቹ መንገድ ላይ ቢጎዱም፣ ቢቀንሱም፣ አፍ አውጥተው አይነግሩንም። የሚናገርላቸው ይሄ ደብተር ነው።»

ትርንጎ ደብተሩን አየች፤ መቁጠሪያዋንም አየች።

«አክስቴ...»

«ወዬ?»

«ዘጠኙ... ዘጠኙ ወፎች አይደሉም። ቀጭ ብቻ ናቸው።» እንባዋ ጠብ አለ።

አክስቷ አልተቆጣችም። አርባውን ሰርዛ፣ ሠላሳ አንድ ብላ ጻፈች። ከጎኑም «ያመለጡን አሉ» ብላ ጨመረችበት።

«እንዲህ ተብሎ ይጻፋል እንዴ?» አለች ትርንጎ።

«ይጻፋል እንጂ! እኔም አንዳንዴ ዓይኔ አብሯቸው ይሄዳል» አለች አክስቷ፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገችላት። «በይ፣ ያየሽውን ንገሪኝ።»

ትርንጎ ስለ ክንፉ ጫፍ ነገረቻት። ስለ ቢጫዎቹ እግሮች ነገረቻት። እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታም አሳየቻት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሌሎች ንስሮች መጡ። መቁጠሪያዋ ከዜሮ ጀመረች፤ ትርንጎም ብድግ ብላ ቆመች።

አንድ ወፍ፣ አንድ ቀጭ! አንድ ወፍ፣ አንድ ቀጭ! አሥራ ስድስት ሆኑ።

አክስቷ ደብተሯን ልትዘጋ ስትል፣ «ቆይ!» አለች ትርንጎ። «አንድ ይቀራል!»

በጣም ኋላ፣ አንድ ንስር ብቻውን ይመጣል። ደክሞታል መሰለኝ፣ ቀስ... ቀስ... ይላል።

ጠበቁት። በራሳቸው ላይ አለፈ። ትርንጎም ቀስ ብላ ተጫነች። ቀጭ! አሥራ ሰባት።

ሲመሽ አክስቷ አዝላ ወደ ቤት ወሰደቻት። እናቷም እግሯን በሞቀ ውሃ አጠበችላትና አልጋዋ ላይ አስተኛቻት።

«ስንት ንስር ቆጠርሽ፣ ልጄ?» አለቻት እናቷ።

«ሠላሳ አንድ። ደግሞ አሥራ ሰባት።» ትርንጎ አዛጋች። «ያመለጡኝም አሉ።»

«ታዲያ እነሱ የት ገቡ?»

ትርንጎ ዓይኗን ከደነች። «እነሱም ደርሰዋል፣ እማ» አለች። «ዛፍ ላይ ተኝተዋል።»

እናቷ መልስ ልትሰጣት ዞር ስትል፣ ትርንጎም ተኝታለች።