የቀይዋ ሞተር ዐመል

ቄስ ወልደ ጻድቅ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከቀይዋ ሞተር ፊት ሲንበረከኩ፣ ልጃቸው ዮርዳኖስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

«አባየ፣ ይነሱ እንጅ። ሰው እያየን ነው።»

«ይይ። ጉልበቷን ሳላይ ልግዛ?»

ሞተሮቹ የተደረደሩት ከሰቆጣ ዳር፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ገበያ ቀን ስለሆነ ሜዳው በወጣት ተሞልቷል፤ ግማሾቹ የዮርዳኖስ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። አንዱ ከኋላ «አባ፣ ጥርሷንም ገልጠው ይዩዋት፣ ዕድሜዋን ይነግረዎታል» ሲል ሳቁ ተነሳ። ቄሱ የሰሙም አልመሰሉ። ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ብረቶች፣ የሞተሯን የፊት እግር በሉት፣ ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ግራው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ቀለሙ አዲስ ነው» አሉ።

«ሁሉም አዲስ ነው አባ፣ ይፍቱኝ» አለ ሻጩ ደግሰው እየሳቀ። «እንዲያምርባት ብየ ቀባኋት።»

ደግሰው የማሬ ታላቅ ወንድም ነው። ማሬ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከዮርዳኖስ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ጓደኛዋ። «ቀይዋ ላይ ስትወጭ ሰቆጣ በሙሉ ዞሮ ነው የሚያይሽ» እያለች ለሦስት ሳምንት ጆሮዋን የበላቻት እሷው ናት። አሁን ግን ከወንድሟ ጎን ቆማ የሻሿን ጫፍ ታኝካለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዮርዳኖስ ቤተሰብ ፃግብጂ ላይ ቀፎ አለው፤ ማሩን ሰቆጣ የሚያደርስ ያስፈልጋል። ዮርዳኖስ ባለፈው ጥር አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፣ ኳስ ሜዳውን እየዞረች ሁለት ወር ሠልጥናለች፣ የለማጅ ፈቃዷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ድሮ ማሩን የምታመላልሰው በቅሎ ነበረች። ከካሳ ወዲህ ግን አባቷ በቅሎ የሚባል ነገር ደጃቸው እንዲቆም አይፈልጉም።

ካሳ ታላቅ ወንድሟ ነበር። ያችን በቅሎ ሲገዟት ጉልበቷ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ነበር። ሻጩ ቀድሞ ወድቃ ያገኘችው ጠባሳ ላይ ጥላሸት በቅቤ ለውሶ ቀብቶ ኖሯል። የፃግብጂ ቁልቁለት ላይ ተደናቀፈችና ካሳን ይዛው ገደል ገባች። ለቅሶው ላይ አንድ ጎረቤታቸው አቀርቅሮ፣ «ያችን በቅሎ አውቃት ነበር። የሰው ገበያ አላበላሽም ብየ ነው ዝም ያልሁ» አለ። ዮርዳኖስ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። የሰውየው ጫማ ላይ የደረቀውን ጭቃ እስካሁን ታስታውሰዋለች።

በእነሱ መንደር የበቅሎ ገበያ ወግ እንዲህ ነበር፤ ገዥ «ዐመሏ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የተጠየቀ ሻጭ ከዋሸ ነውር ነው። ያልተጠየቀ ዝም ቢል ግን የሚወቅሰው የለም፤ ዳር ቆሞ የሚያይማ ጭራሽ አፉን አይከፍትም።

ቄስ ወልደ ጻድቅ ተነሱ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ። «ልጄ፣ ዐመሏ ምንድን ነው?» አሉት ደግሰውን።

«ኧረ አባ፣ ማሽን ምን ዐመል አለው? ቤንዚን ካጠጧት ትሄዳለች፣ ካላጠጧት ትቆማለች።»

ልጆቹ አሁንም ሳቁ። ቄሱ ግን ፊቱን አዩት። ደግሰው ዓይኑን ወደ ጋራዡ ቆርቆሮ መለሰ።

«ልንዳትና ልያት» አለች ዮርዳኖስ ቶሎ ብላ፣ ሳቁ እንዲያበቃ።

ስትወጣባት መሬቱን የነካው የጣቷ ጫፍ ብቻ ነው። ማርሽ አስገባች፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች፣ ሞተሯ ተፈተለከች። ምን ልበላችሁ፣ ሜዳ ላይ ትበራለች። ነፋሱ የዮርዳኖስን ሻሽ ወደ ኋላ ገፈፈው፣ የልጆቹ ፉጨት ራቀ፣ ልቧም አብሮ በረረ። የእኔ ናት አለች በሆዷ።

ከሜዳው ወደ ፃግብጂ መንገድ የሚያስገባው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዘች። ከታች አንድ ነገር ቀጭ አለ። መሪው ተንቀጠቀጠና ወደ ግራ ሳባት፤ እጅጌን ጎተት እንደሚያደርግ ሰው፣ ቀስ ብሎ። በግራ በኩል መንገዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገደል ነው፤ ከታች ሁለት አሞራ ይዞራሉ። ጀርባቸውን ከላይ ታያለች።

በሁለት እጇ ታግላ አቆመቻት። ቁልቁለቱ ላይ ሰው አልነበረም። ሞተሯ ከስሯ ታጉረመርማለች። ዮርዳኖስ አዙራ ተመለሰች።

«እህሳ? እንዴት ናት?» አለ ደግሰው።

ሁሉም ያያታል። «ጥሩ ናት» አለች። ከአፏ ሲወጣ የራሷ ድምፅ አልመሰላትም።

ደግሰው መሪውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ነበር የለበሰው፤ እጅጌው ሲሰበሰብ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ቀይ፣ ገና ያልጠነከረ ጠባሳ ታየ። ፈጥኖ ሸፈነው። ዮርዳኖስ ግን አይታዋለች። ከሁለት ወር በፊት ማሬ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታ «ወንድሜ ከደረጃ ወድቆ ነው» ያለቻት ትዝ አላት። ያኔ እግዜር ይማረው ብላ አልፋዋለች።

የእነማሬ ቤት ደረጃ የለውም።

«አባየ» አለች፣ «ያችን ትንሿን እንይ።»

ትንሿ ሞተር የጋራዡ ባለቤት የመንግሥቴ ናት። መቶ ሲሲ፣ ጥቁር፣ ቀለሟ የተላጠ፤ የሜዳው ልጆች «መነኩሲቷ» ነው የሚሏት። ዮርዳኖስ ተቀመጠችባት። ሁለቱም ተረከዞቿ መሬት ነኩ። አሠልጣኛቸው «ለማጅ እግሩ መሬት የሚረግጥባትን ይምረጥ፣ ሌላው ቀለም ነው» የሚለው ነገር ነበረው። አባቷ ተንበረክከው የትንሿንም የፊት እግር ዳሰሱ። ዝገትና ጭረት ብቻ ነው፤ የተሸፈነ ነገር የለም።

«ዐመሏ ምንድን ነው?»

«ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትላለች» አለ መንግሥቴ ያለ ምንም ማመንታት። «አራት አምስት ጊዜ መርገጫዋን መርገጥ ነው። ዳገት ላይም ታለቃቅሳለች። ሌላ የለባትም።»

«ይችን» አሉ ቄሱ። ከመንግሥቴ ጋር ውል ሊጽፉ ወደ ጋራዡ ገቡ።

ማሬ የዮርዳኖስን እጅ ይዛ ከጋራዡ ግድግዳ ጥግ ወሰደቻት።

«ተቀየምሽኝ?»

«ወንድምሽ ከየት ነው የወደቀው?»

«ነገርሁሽ እኮ፣ ከደረ…» ማሬ አልጨረሰችውም። ሻሿን ከአፏ አወጣች። «ቀይዋ እሱን ይዛው ነው የወደቀች። እግሯ ለሁለት ተሰብሮ ነበር፣ ተበየደ። በያጁ ከድሮው ይጠነክራል ብሏል፣ ማርያምን።»

«እኔን ልታስገዥኝ ነበር።»

«ልነግርሽ ነበር። ሳትፈርሚ ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

ነፋሱ ከገደሉ በኩል አቧራ ይዞ መጣና ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አንች አልገዛሻትም አይደል?» አለች ማሬ ቀስ ብላ። «በቃ። ማንም አልጠየቀሽም። ዝም በይልኝ። ዮርዲ፣ ደግሰው ከሰማ አንች ነሽ የነገርሻት ብሎ ቤት አያስገባኝም።»

ሜዳው ላይ እንደገና ፉጨት ተሰማ። ቀይዋ ላይ ሰው ወጥቶባታል።

ምንዋጋው ነው። ኳስ ሜዳው ላይ አብሯቸው የሠለጠነ፣ ሰሃላ የተመደበ አዲስ መምህር። ሲለማመዱ በወደቀ ቁጥር ተነስቶ እጅ የሚነሳ ቀልደኛ ነው። አዲስ ሄልሜት ይዟል፤ ላስቲኩን እንኳ ገና አልላጠም።

«ዮርዲ፣ መነኩሲቷን ወሰድሽ አሉ» አላት ከሩቅ። «ቀይዋን ለእኔ ተውሽልኝ ማለት ነው። እግዜር ይስጥሽ።»

«መቼ ነው የምትወርድ?» አለችው።

«ዛሬውኑ። ልጆቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ መምህር ነው የተቀመጡ። መኪና ብጠብቅ ደግሞ እዚሁ ጡረታ እወጣለሁ።»

ሰሃላ ታች ነው። መንገዱ ከዚህ ተነስቶ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ደግሞም ይወርዳል። ምንዋጋው ደግሰውን ስለ ቤንዚኑ ጠየቀው፣ ስለ መብራቱ ጠየቀው፣ ስለ ጥሩምባዋም ጠየቀው፤ ጥሩምባዋን አስጩሆ ሳቀ። ስለ ዐመሏ አልጠየቀም። የከተማ ልጅ ነው፤ በቅሎ ገዝቶ አያውቅም።

ዮርዳኖስ ወደ ጋራዡ አየች። አባቷ ወረቀት ላይ አቀርቅረዋል። የማሬ ጣቶች እጅጌዋን ይዘዋል፣ አጥብቀው። «ዮርዲ» አለች ማሬ፣ በሹክሹክታ። ከአንድ ዴስክ፣ ከአንድ ደብተር፣ ከሦስት ዓመት ተኩል የመጣ ድምፅ ነው።

ዮርዳኖስ እጇን ቀስ ብላ አላቀቀች።

ሜዳውን አቋርጣ እስክትደርስ ድረስ ፉጨቱ አልቆመም። ከቀይዋ ሞተር ፊት አቧራው ላይ ሁለት ክብ ምልክት አለ፤ አባቷ የተንበረከኩበት ነው። ቀሚሷን ሰበሰበች። የራሷን ጉልበቶች እዚያው ምልክት ላይ አሳረፈች።

«አባቷን መሰለች» አለ አንዱ፣ ልጆቹም ሳቁ።

በጥፍሯ የግራውን ብረት ፋቀች። ቀይ ቀለም እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ እንደ ክፉ ስፌት የጓጎለ ብረት ብቅ አለ። ደግሰው ከበላይዋ መጥቶ ቆመ፤ ጥላው እጇ ላይ አረፈ። ቀና አላለችም።

«ምንዋጋው» አለች፣ «ውረድና እዚህ ጋ ተንበርከክ እስቲ። ከዚያ ዐመሏን ጠይቀው።»