አቡጀዲው ላይ የነበረው ሙሽራ

ከጣርማ በር ቁልቁል እስከ ጀውሃ ድረስ እኔን የሚያስደነግጥ ነገር ገና አልተፈጠረም፣ ይህን የምልህ ለጉራ አይደለም፣ ሸዋሮቢት ወርደህ የሽንኩርት ነጋዴው ከማል ብለህ ብትጠይቅ አህዮቹ ሳይቀሩ ይመሰክሩልሃል። ጅን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያወራኝ ስቄ ነው የማልፈው። ጅን የለም አላልኩም፣ ግን የእኛን አገር ሙቀት ችሎ ሰው ለማስፈራራት የሚቆም ያን ያህል ሥራ ፈት ጅን አለ ብዬ አምኜ አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ጀማል ሪያድ ነው የሚሠራው። የጀውሃዋን ዘሃራን ሊያገባ ቀጠሮ ይዞ ሁለት ጊዜ መምጣት አቃተው፣ በሦስተኛው እኔን ወኪል አደረገኝና ኒካሁ እሱ በሌለበት ሊታሰር ሆነ። አባቷ ሐጂ ኑሩ ቁርጡን ነግረውኛል።

«ከማል፣ ዛሬ ካልታሰረ ልጄን ከዚህ በላይ አላስቀምጥም። የሚጠይቃት ሞልቷል።»

ልጅቷ ደግሞ፣ እመነኝ፣ ከጀማል ሌላ የወንድ ስም የምትሰማበት ጆሮ የላትም።

እኔን የሚያህል ወኪል እያለው ልጁ ምን ቢልክ ጥሩ ነው? ግድግዳ ላይ ምስል የሚያበራ ስልክ። «አጎቴ፣ እኔም በምስል እገኛለሁ፣ የወደፊቱ ስልክ ይሄ ነው፣ ጥቂት ዓመት ብቻ፣ እንዲህ የማያበራ ስልክ የሚይዝ ሰው አይኖርም» አለኝ። ስልክ ይበለው እንጂ የግማሽ ብሎኬት ክብደት አለው፣ ሲበራ እንደ ካውያ ይግላል፣ ውስጡ ያለችው ማራገቢያ እንደታመመች ንብ ታቃስታለች፣ ብርሃኑ ከኩራዝ አይሻልም፣ ይህም ሆኖ ጨለማ ካልተፈለገለት አይሠራም። የወደፊቱ ይሄ ከሆነ እኔ እዚሁ ልቅር። እስቲ አስበው፣ ደብረ ሲና በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አሥራ አምስት ሰው አሥራ አምስት ፊልም ከፊቱ ባለው ሰው ማጅራት ላይ ሲያበራ፣ የእኔ ማጅራት ላይ የማላውቀው ሰው ሰርግ ሲጨፈርበት።

ጊዜው እኩለ ቀን ነበር፣ ጨለማ ፍለጋ የሐጂ የማሾ መጋዘን ገባን፣ በሩን ዘጋን፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጠርን፣ ሸሁ፣ ሐጂ፣ ሁለት ምስክሮችና እኔ በጆንያዎቹ መካከል እንደ ዳቦ እየበሰልን ተቀመጥን። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ገና ሲበራ ሌንሱ ላይ ያረፈች ዝንብ አቡጀዲው ላይ በሬ አክላ ወጣች፣ አንድ ቀጭን ጩኸትም ተሰማ፣ ጩኸቱ የእኔ ነበር።

ቀጥሎ ጀማል ብቅ ብሎ «አሰላሙ ዓለይኩም» አለ። ወላሂ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ ተነስተው ለጨርቅ ሰላምታ መለሱ፣ ሐጂማ እጃቸውን ሊዘረጉ ምንም አልቀራቸውም። ሸሁ ብቻ አልተነሱም።

«ምስሉ ይታይ፣ ግድ የለም» አሉ። «ቃሉን ግን የምቀበለው ከወኪሉ አፍ ነው። ጨርቅ ወኪል አይሆንም።»

ሸሁ የኒካሁን ምክር፣ ኹጥባውን፣ እያደረጉ ሳለ የማራገቢያዋ ድምፅ ቆመ። ስልኩን አየሁት፣ ጠፍቷል። ቁልፉን ተጫንኩት፣ አይነሳም፣ ግሎ ራሱን ዘግቷል። ቀና ስል አቡጀዲው ላይ ጀማል አለ። ስልኩን ጆንያ ላይ በአፉ ደፋሁት፣ ጀማል አሁንም አለ። ከኋላው የመስኮት መጋረጃ ቀስ እያለ ይወዛወዛል፣ እሱ ሰው እንደሚጠብቅ ጎንበስ ብሏል። ሌሎቹ የስልኩን መጥፋት ስላላወቁ ፈገግ ብለው ያዩታል።

ሐጂ የአባትነት ቃላቸውን ሰጡ። ሸሁ ወደ እኔ ዞረው «ቀቢልቱ በል» አሉኝ፣ ተቀብያለሁ ማለት ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴ ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ላንቃዬ ላይ ተጣብቃለች።

«ቀቢልቱ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዝግ ያለ ነው፣ የጀማልን ይመስላል፣ ደግሞም አይመስልም።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። የሸሁ ዓይን ደካማ ነው፣ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «አንተ ነህ ያልከው?» አሉኝ። አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ዱዓ ተደረገ፣ በሩ ተከፈተ፣ አቡጀዲው ባዶ ጨርቅ ነበር።

የአስርን ሶላት ሰግደን ስንወጣ ጀማል ደወለ።

«አጎቴ፣ ገና ሰላም እንዳልኩ መስመሩ ተቋረጠብኝ፣ እስካሁን ስሞክር ነበር። ታሰረ ወይ?»

«ታስሯል» አልኩት። «እዚያ ክፍልህ ያለው መጋረጃ ግን ምን ዓይነት ነው?»

«የምን መጋረጃ? ክፍሌ መስኮት የለውም እኮ።»

ጀማል ከመጣ ቆየ፣ ከዘሃራ ጋር እዚሁ ሸዋሮቢት ናቸው፣ የወደፊቱ የተባለው ስልክም ከዚያ ወዲህ በማንም ሰው እጅ አላየሁትም፣ ደግ ሆነ። ዘሃራ ባገኘችኝ ቁጥር «ባለውለታዬ» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ያን ቀን ማን እንደተቀበላት አላውቅም። ሁለት ጊዜ ለሸሁ ልናገር ሄጄ ከደጃፋቸው ተመልሻለሁ። ለልጅቷ ትዳር ሰግቼ ነው ብልህ ያምርብኝ ነበር። እውነቱ ግን፣ ከማል ፈርቶ አንዲት ቃል አቃተችው ተብሎ እንዳይሳቅብኝ ነው።