በግራ እግር የቀረ ካልሲ

ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ በከበባት የጭቃ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አቶ ሣህሌ ከአንድ ልጃቸው ከሀይማኖት ጋር ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው የማርያምወርቅ በውስጥ እግሯ የወጣባትን ጥቁር ነጥብ «እሾህ ነው» እያለች ሁለት ዓመት ሸሸገችው። ነጥቡ ግን ካንሰር ነበር፤ ሳንባዋ ደርሶ ገደላት። ሀይማኖት እናቷን ስታስታምም አንድ ዓመት ከትምህርት ቀረች። ሞት ምስር በምታህል ነጥብ ቤት እንደሚገባ ማን ያውቅ ኖሯል?

በ2001 ዓ.ም. ሀይማኖት በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። የመመረቂያ ሥራዋ ቆዳ ላይ ብርሃን አብርቶ፣ ተመልሶ የሚመጣውን በየቀለሙ መለካት ነበር። የታመመ ቆዳና ጤነኛ ቆዳ ብርሃኑን እኩል አይመልሱትም።

የዚያን ዓመት ጸሎተ ሐሙስ አባ ሕሩይ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ፣ አቶ ሣህሌ ቀኙን ብቻ ዘረጉ። ግራው ካልሲ እንዳደረገ ነበር።

«ሣህሌ፣ ዘንድሮም በአንድ እግርህ ነው የመጣኸው?» አሉ አባ።

«ግራውን ቁርጥማት ይዞታል አባቴ።»

ሰው ሳቀ። ከሴቶች በኩል የቆመችው ሀይማኖት ግን አልሳቀችም። እናቷም «እሾህ ነው» ብላት ነበር...

ቤት እንደገቡ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «አባባ፣ ያሳዩኝ።»

«ተይኝ ልጄ። ካየሽው ትምህርትሽን ጥለሽ ታስታምሚኛለሽ። ለእናትሽ አንድ ዓመት ሰጥተሻል፤ ይበቃል።»

«እኔ የተማርኩት ለዚች ነጥብ ነው። እርስዎ ከደበቁኝ ለማን ተማርኩ?»

 አቶ ሣህሌ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ካልሲውን አወለቁ። ነጥቡ እዚያ ነበር፤ ከትንሿ ጣት ሥር።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ወሰደቻቸው።

«ያቃጥላል?»

«እንደ ባትሪ ነው አባባ።»

«ባትሪማ ዘበኛ ቤትም አለኝ፤ ምን አደከምሽኝ?»

ብርሃኑ ነጥቡ ላይ አረፈ። በኮምፒዩተሩ ላይ የወጣው መስመር ከጤነኛው ቆዳ መስመር ተለየ። ሀይማኖት «ያው የእናቴ ነው» ብላ መምህሯን ጠራች። መምህሯ ግን «ይህ ጥርጣሬ ነው፤ ቁርጡን ሐኪም ይንገረን» አሏት። ሐኪሙ ከነጥቡ ቆንጥሮ አስመረመረ። ካንሰር ነበር፤ ነገር ግን ገና ሥር አልሰደደም። ትንሿ ጣት ከነነጥቡ ተቆረጠች። ሀይማኖትም በሐምሌ ተመረቀች፤ አባቷ በከዘራ እያነከሱ ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

በዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ አቶ ሣህሌ አስቀድመው ግራ እግራቸውን ዘረጉ። አባ ሕሩይ ጠባሳውን ሲያዩ እጃቸው ውኃው ውስጥ ቀረ።

«ጣት የጎደለው ነው አባቴ፤ ውኃ ይቆጥብልዎታል» አሉ ሣህሌ።

አባ እየሳቁ አለቀሱ። ዕጣ ያንኑ ጥቁር ነጥብ ሁለት ጊዜ ወደ አንዲት ቤት ላከች። በሁለተኛው ግን የሟቿ ልጅ ብርሃን ይዛ ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችው።